የቸኮሌት አምሮትና ስድስቱ ምክሮች

ስለ ቸኮሌት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። እኔም ዘንድ ከዘመድም ከባልደረባም ደርሷል፤ አንዳንዶቹማ «ይህ ላንቺ ነው» የሚል ማስታወሻ አክለውበታል። ጽሑፉ ባማረ አማርኛ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ሊሸጡልን ያሰቡት ዱቄትም ክኒንም የለም፤ በዚህ ዘመን ይህ ብቻውን ያስመሰግናቸዋል። የተነሡበት ጭንቀትም የብዙዎቻችን ነው። አመጋገቤን አስተካክላለሁ ብሎ ቆርጦ የተነሣ ሰው ጎመኑንም ምስሩንም ይለምዳል፣ ጠዋት ጠዋት በእግሩ መሄድ ይጀምራል፤ ከሰዓት በኋላ ቸኮሌት ፊት ሲደርስ ግን ይረታል። ከዚያ ይጸጸታል፤ በጸጸቱ የተነሣም መልሶ ይበላል።

ሕመሙን በትክክል አይተውታል። የማልስማማው በታዘዘው መድኃኒት ነው፤ አንዳንዱም ሕመሙን የሚያብስ ይመስለኛል።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው፣ ሐሳቡን ሳላዛባ ላስቀምጠው። አንደኛ፣ ቸኮሌት እንደ አደንዛዥ ዕፅ ሱስ ያስይዛል፤ አንድ ቁራጭ የቀመሰ ሳይጨርስ አያቆምምና ያለው አማራጭ ጨርሶ መተው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ አምሮት ሰውነት የሚልከው መልእክት ነው፤ ቸኮሌት የሚያምረው ሰው ማግኒዥየም የተባለው ማዕድን ጎድሎታል። ሦስተኛ፣ መተው ያቃተው ሰው ጥቁር ቸኮሌት ይብላ፤ ለልብ መድኃኒት ስለሆነ መጠን አያሻውም። አራተኛ፣ ማርና ቴምር ከተፈጥሮ የተገኙ ስለሆኑ ከስኳር አይቆጠሩም። አምስተኛ፣ ቸኮሌት የበላ ሰው ምሳውን ቢዘል ሒሳቡ ይካካሳል። ስድስተኛ፣ የዓመቱን እኩሌታ በጾም የሚያሳልፍ ሕዝብ ለአንድ ጣፋጭ መሸነፉ የፈቃድ ድክመት እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። በመጨረሻም ለወላጆች የተሰጠች አጭር ምክር አለች፤ ወደ እርስዋ ኋላ እመለሳለሁ።

ገና ሲነበብ አንድ ነገር ይጎረብጣል። በመጀመሪያው ነጥብ ዕፅ የተባለው ነገር በሦስተኛው ያለ መጠን የሚወሰድ መድኃኒት ሆኗል። ጥቁሩም ቸኮሌት ቸኮሌት ነው፤ የቸኮሌት ጥሬ ዕቃ የሆነው ካካዎ እንዲያውም የበዛበት ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረባቸው።

በሱስ ጉዳይ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነውና። «ስኳር ከኮኬይን የባሰ ነው» የሚለው አባባል መነሻው የአይጥ ሙከራ ነው። በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አይጦችን ኮኬይን ወይም በሳካሪን የጣፈጠ ውሃ አስመርጦ ነበር፤ አብዛኞቹ ውሃውን መረጡ። ሳካሪን ካሎሪ የሌለው ማጣፈጫ እንጂ ስኳር አይደለም፤ ተመራማሪዎቹ በስኳርም ሞክረው ተመሳሳይ ነገር አይተዋል። ጣፋጭ ነገር ለአይጥ ምን ያህል ማራኪ እንደሆነ ከዚህ እንማራለን። ከዚያ ተነሥቶ ቢሮ ውስጥ ስላለች ሒሳብ ሠራተኛ መፍረድ ግን ረጅም ዝላይ ነው።

ይበልጥ የሚጠቅመን በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የተደረጉት ተከታታይ ሙከራዎች ውጤት ነው። እዚያም አይጦች በስኳር ላይ ሱስ የሚመስል ጠባይ አሳይተዋል፤ ነገር ግን ይህ የታየው በየቀኑ ለ12 ሰዓት ያህል ምግብ ተከልክለው ከቆዩ በኋላ ስኳር በቀረበላቸው አይጦች ላይ ነው። ስኳሩ ሁልጊዜ አጠገባቸው የነበረላቸው እንደዚያ አልተረባረቡም። እ.ኤ.አ. በ2016 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች እስከዚያ ጊዜ የተጻፈውን መርምረው በሰው ላይ «የስኳር ሱስ» አለ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ ጥቂት መሆኑን ጽፈዋል፤ በእንስሳቱ ላይ የታየውም ጠባይ እየተከለከሉ ሲሰጣቸው የሚመጣ መሆኑን አስምረውበታል። ይህ እንግዲህ ለጸሐፊው ማስረጃ ሊሆን ይቅርና ተቃራኒውን ይናገራል። ጣፋጩን አስፈሪ ያደረገው ክልከላው ነበር።

በሰው ላይ የተሠራውም ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2005 ከቶሮንቶ የወጣ ጥናት ሴት ተማሪዎችን ለአንድ ሳምንት ቸኮሌት ከልክሎ ነበር። ሳምንቱ አልቆ ቸኮሌት ሲቀርብላቸው አብዝተው የበሉት ከመጀመሪያውም ምግባቸውን ሲቆጥሩና ራሳቸውን ሲገድቡ የኖሩት ናቸው። ይህ ጽሑፍ የደረሳቸው አብዛኞቹ ሰዎች ደግሞ እንደነዚህ ያሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከእንግሊዝ በወጣ ሌላ ሙከራ፣ ስለ ቸኮሌት በፍጹም እንዳያስቡ የታዘዙ ሴቶች በኋላ ሲቀርብላቸው እንደፈለጉ እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው አብልጠው በልተዋል። በወንዶቹ ላይ ውጤቱ እንደዚህ አልነበረም፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ታዲያ «አንድ ቁራጭ የቀመሰ ሳይጨርስ አያቆምም» የሚለው ከየት መጣ? በዙሪያዬ ከማየው ልናገር። ሙሉውን አሽጎ የሚጨርሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ከነገ ጀምሮ አልነካውም» ብሎ የወሰነው ነው። ነገ አይኖርምና ዛሬ ማለቅ አለበት። ነገም ከነገ ወዲያም ሁለት ቁራጭ እንደሚበላ የሚያውቅ ሰው የሚያጣድፈው ነገር የለም፤ ጠቅልሎ መሳቢያው ውስጥ ይመልሰዋል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው አለ። አንዳንድ ሰው ቸኮሌት ሲጀምር በእውነት ማቆም ያቅተዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ይህንን ጠባይ በሱስ መለኪያ የሚመዝኑ በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም አሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። ለሳምንታትና ለወራት በዘለቀ የአመጋገብ ለውጥ ውስጥ አምሮት እየቀነሰ እንደሚሄድም ታይቷል፤ ስለዚህ ለእርሳቸው መተው ሠርቶላቸው ከሆነ አልጠራጠርም። «ቤት ውስጥ አታከማቹ» ያሉትም ትክክል ነው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ኪሎ ኪሎ ቸኮሌት ይዞ ሲመጣ አመስግኖ ግማሹን በዚያው ቀን ለጎረቤትና ለባልደረባ ማካፈል ብልህነት ነው። የምቃወመው ለአንድ ሰው የሠራውን ለሁሉም ብቸኛ መንገድ አድርጎ ማወጅን ነው።

ደግሞስ ጠላታችን ስኳር ከሆነ የት እንዳለ በትክክል እንፈልገው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። ሻዩን በሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው በቀን ሦስት ብርጭቆ ቢጠጣ 36 ግራም ስኳር ገብቷል። ምሳው ላይ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ካከለበት 30 ግራም ገደማ ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ነጻ ስኳር፣ ማለትም ምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳርና የመሳሰለው፣ ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ይህ ሰው ቸኮሌት ባፉ አልዞረም፤ ጣሪያውን ግን በቀላሉ አልፎታል። ባለ 70 በመቶ ካካዎ ከሆነው ጥቁር ቸኮሌት 20 ግራም፣ ሁለት ሦስት ቁራጭ ማለት ነው፣ የበላች ባልደረባው ከዚያ ያገኘችው ስኳር 6 ግራም ያህል ነው። በወተት የተሠራውን ብትበላ 11 ግራም ገደማ ይሆናል። ሆኖም በቢሮው የምትሳቀቀውና እጇን የምትደብቀው እርስዋ ናት፤ ሦስተኛውን ማንኪያ በድፍረት የሚያማስለውን ሰው ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

ወደ ማግኒዥየሙ እንለፍ። ይህ ሐሳብ ደስ ስለሚል ብቻ የሚሰራጭ ይመስለኛል፤ «ሆዳም ስለሆንኩ ሳይሆን ንጥረ ነገር ስለጎደለኝ ነው» ማለት ለማን አይመቸውም? ጥቁር ቸኮሌት ማግኒዥየም እንዳለው እውነት ነው፤ ካካዎው ከ70 እስከ 85 በመቶ በሆነው 100 ግራም ውስጥ 230 ሚሊ ግራም ገደማ ይገኛል። ነገር ግን የዱባ ፍሬ ከዚያ እጥፍ በላይ አለው። ጤፍም በ100 ግራም እህሉ 180 ሚሊ ግራም ያህል ይዟል። ሰውነት ማግኒዥየም ፈልጎ የሚጮህ ቢሆን ከሰዓት በኋላ የዱባ ፍሬ ባማረን፣ ቀን ቀን እንጀራ የሚበላ ሰውም ቸኮሌት ባላማረው ነበር። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሰዎች አብዝተው የሚያምራቸው በወተት የተሠራው ቸኮሌት መሆኑ ነው፤ የእርሱ ማግኒዥየም ከጥቁሩ ሩብ ግድም ነው።

ይህንን ጥያቄ በቀጥታ የፈተሸ ሙከራ አለ፤ ብልሃቱ ስለሚያስደስተኝ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 ዊላ ሚችነርና ፖል ሮዚን የተባሉ ተመራማሪዎች ቸኮሌት አዘውትሮ የሚያምራቸውን ሰዎች መርጠው የታሸጉ ሣጥኖች ሰጧቸው። አምሮቱ ሲመጣ አንዱን ሣጥን ከፍተው በውስጡ ያለውን ይወስዳሉ። በአንዱ በወተት የተሠራ ቸኮሌት አለ፤ በሌላው ነጭ ቸኮሌት፣ ማለትም የካካዎ ቅቤ እንጂ የካካዎ ዱቄት የሌለበት፤ በሌላው የካካዎን ንጥረ ነገሮች ሁሉ የያዘ እንክብል፤ በሌላው ምንም የሌለበት እንክብል። ጉዳዩ የንጥረ ነገር ጉድለት ቢሆን ኖሮ የካካዎው እንክብል አምሮቱን በቆረጠው ነበር። አልቆረጠውም፤ ከባዶው እንክብል አልተሻለም። አምሮቱን ያወጣው ራሱ ቸኮሌቱ ነው፤ አንዳች ማግኒዥየም የማይነገርለት ነጩ ቸኮሌት እንኳ በከፊል አስታግሷል። የሚፈለገው አፍ ውስጥ ሲቀልጥ ያለው ጣዕም፣ ሽታና ልስላሴ ነው ማለት ነው።

የአምሮቱ ዓይነት ከአገር አገር መለያየቱም ይህንን ያጠናክራል። በአሜሪካ ብዙ ሴቶች ከወር አበባ በፊት ቸኮሌት ያምረናል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ግን ከሌላ አገር ሄደው እዚያ የሚኖሩ ሴቶች ይህን የሚሉት በጣም ባነሰ መጠን መሆኑን አሳይቷል። ማሕፀኑ አንድ ነው፤ የተለየው ያደጉበት ማኅበረሰብ ነው።

«ታዲያ ነፍሰ ጡር አፈር የሚያምራት ለምንድን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጸሐፊው ቢያነሡት ኖሮ የተሻለ ማስረጃ በሆናቸው። አፈር የመብላት አምሮት ከብረት ማነስ ጋር አብሮ መታየቱ የታወቀ ነው። ነገር ግን አፈሩ ጉድለቱን አይሞላም፤ አንዳንዱ የሸክላ አፈር እንዲያውም ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ስለዚህ አምሮት አልፎ አልፎ ስለ ጤና ምልክት ቢሰጥ እንኳ የታዘዘው ምግብ መፍትሔ ነው ማለት አይደለም። ለዚያች ሴት የሚያስፈልጋት የጤና ጣቢያ ምርመራ ነው።

ጥቁር ቸኮሌት ለልብ መድኃኒት ነው፣ መጠንም የለውም ስለተባለው አጭር ልሁን። በካካዎ ውስጥ የሚገኙት ፍላቫኖል የተባሉ ውህዶች ለደም ሥሮች እንደሚጠቅሙ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ከእነዚህ ትልቁ በአሜሪካ 21,442 በዕድሜ የገፉ ሰዎችን አሳትፎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኮስሞስ የተባለው ጥናት ነው። ከተሳታፊዎቹ እኩሌቶቹ በየቀኑ 500 ሚሊ ግራም የካካዎ ፍላቫኖል፣ እኩሌቶቹ ደግሞ ምንም የሌለበት እንክብል ይወስዱ ነበር፤ የልብና የደም ሥር ሕመሞች በአጠቃላይ ሲታዩ ግን አስተማማኝ ቅናሽ አልተገኘም። ፍላቫኖሉን ከወሰዱት መካከል በልብና በደም ሥር ሕመም የሞቱት ቁጥር በ27 በመቶ አንሶ ታይቷል፤ ይህ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ግን ዋና ውጤታቸው አድርገው አላቀረቡትም። ከሁሉ በላይ የተሰጣቸው እንክብል ነበር። ስኳርና ስብ ያለበት ቸኮሌት አልተሰጣቸውም።

የሚሸጠው ቸኮሌት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። 100 ግራም ጥቁር ቸኮሌት 600 ካሎሪ ያህል አለው፤ በወተት ከተሠራው ይበልጣል እንጂ አያንስም። ካካዎው አልካሊ በተባለ ኬሚካል የታከመ ከሆነ፣ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል፣ ከፍላቫኖሉ ብዙው ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት 28 ጥቁር ቸኮሌቶች መርምሮ፣ ከ23ቱ አንዱን 28 ግራም ገደማ በየቀኑ መብላት ድርጅቱ ከተከተለው ጥብቅ ወሰን በላይ እርሳስ ወይም ካድሚየም የተባሉትን መርዛማ ብረቶች ወደ ሰውነት እንደሚያስገባ አስታውቋል። ይህ ሰው እንዲደነግጥ የምናገረው አይደለም፤ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ሁለት ቁራጭ የሚበላ ጎልማሳ እንቅልፍ አይነሣው። «መጠን አያሻውም» ለሚል ምክር ግን በቂ መልስ ነው። ጥቁሩን የምትወዱት ብሉት፤ መራራነቱ ቶሎ ስለሚያጠግብ ብዙዎች ከእርሱ ጥቂት ይበቃቸዋል። የማትወዱት ደግሞ ወተት ያለበትን ጥቂት ብሉ። የማይወዱትን ሦስት ቁራጭ በግድ ውጦ ከዚያ በኋላ የሚወዱትን ለመፈለግ ከመነሣት ይሻላል።

ማርና ቴምርን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ትክክል ናቸው። ቴምር ከነአሰሩ ሙሉ ፍሬ ስለሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ከነጻ ስኳር አይቆጥረውም፤ በረመዳን ኢፍጣር ላይ አንድ ሁለት ፍሬ ቴምር ጾም መፍቻ መሆኑም መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ትልቁ የመጁል ቴምር አንዱ ፍሬ ብቻ 16 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ «የተፈጥሮ ነው» እያሉ አሥር ፍሬ የሚጨርስ ሰው ራሱን ያታልላል። ማርን ግን ያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በስሙ ጠርቶ ከነጻ ስኳር ይመድበዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር ነው። ማር በባህላችን ያለውን ክብር አውቃለሁ፤ ክብሩ ግን ከስኳር ሒሳብ አያስወጣውም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ስለ ማርም ስለ ቸኮሌትም ሐኪሙን እንጂ ጸሐፊውንም እኔንም አይስማ።

በጣም የሚያሳስበኝ ምክር አምስተኛው ነው፤ ምሳ ስለ መዝለል። ወረቀት ላይ ሒሳቡ ልክ ይመስላል፤ 500 ካሎሪ ገባ፣ 500 ካሎሪ ቀረ። ሰው ግን የባንክ ደብተር አይደለም። ምሳውን የዘለለ ሰው ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ባዶ ሆዱን ይዞ የመጀመሪያው ካፌ በር ላይ ይቆማል፤ ከመስታወቱ ጀርባ ያለውን ኬክ የሚያየው በረኀብ ዓይን ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ቢያነቡት የምመኘው አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሊ ጊብሰንና ኤሊዛቤት ዴዝሞንድ በእንግሊዝ ያሳተሙት ነው። ተሳታፊዎቹ ለሁለት ሳምንት ቸኮሌት እንዲበሉ ተደረገ፤ እኩሌቶቹ ሲርባቸው ብቻ፣ እኩሌቶቹ ደግሞ ምግብ በልተው ከጠገቡ በኋላ ብቻ። ሁለቱም የበሉት ያው ቸኮሌት ነው። በመጨረሻ ሲለካ በረኀብ የበሉት ሰዎች የቸኮሌት አምሮት ጨመረ፤ በጥጋብ የበሉት ግን ቀነሰ። አንጎል ቸኮሌቱን ከረኀብ ማስታገሻነት ጋር ካያያዘው በራበው ቁጥር እርሱን ይጠራል። በጥጋብ ላይ የተበላ እንደሆነ ግን የጣዕም ነገር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የዚህ ተግባራዊ ትርጉም ከጽሑፉ ምክር ተቃራኒ ነው። ቁርስና ምሳን በደንብ ብሉ፤ ሽሮው ላይ ጎመን፣ እንጀራው ላይ ምስር ይኑር፤ ሆድ የሚይዝ ነገር ማለቴ ነው። ቸኮሌት የምትወዱ ከሆነ ከምሳው ቀጥሎ፣ ተቀምጣችሁ፣ ሁለቷን ቁራጭ ከቡና ጋር አጣጥማችሁ ብሉ። ኮምፒውተር ፊት እየጻፉ የተበላ ቸኮሌት ማለቁ የሚታወቀው ባዶው ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ነው፤ አልተበላም ማለት ይቻላል፤ አምሮቱም አልወጣም። ከሰዓት በኋላ ያለ ረኀብ የሚመጣው አምሮት ላይ ደግሞ ሌላ መላ አለ። በእንግሊዝ የኤክስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ሙከራ፣ ቸኮሌት አዘውታሪ የሆኑ ሰዎች 15 ደቂቃ ፈጠን ብለው ከተራመዱ በኋላ ሥራ ላይ ሲቀመጡ ካልተራመዱት ግማሽ ያህል ብቻ በልተዋል። ቸኮሌቱ ፊታቸው ነበር፤ ማንም አልከለከላቸውም። አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ዳገት አይታጣም።

አሁን ስለ ጾም። በጽሑፉ ውስጥ ብዙዎች አስምረውበት ያጋሩት ይህንን ክፍል ነው፤ የሚያሳፍር ነገር ስላለበት ይሆናል። «55 ቀን ሥጋና ወተት የሚተው ሰው እንዴት ለቸኮሌት ይሸነፋል?» ይላሉ። ጥያቄው ከልብ ቢመለስ እርሳቸው ወደ ፈለጉት አይወስድም።

ጾም የሚጾመው በፈቃድ ጉልበት ብቻ ነው የሚል ሰው ጾምን ከውጭ ነው ያየው። ዓቢይ ጾም ሲገባ ከተማው ራሱ ይለወጣል። ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ያልተዘጉትም ጭር ይላሉ። ምግብ ቤቱ የጾም በያይነቱን ከፊት ያመጣል። ቤት ውስጥ እናት ቅቤውን አንሥታ ዘይቱን ታወጣለች፤ ሽሮው፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ተልባው፣ ስልጆው ተራ ይይዛሉ። ብቻውን የሚጾም የለም፤ ጎረቤቱም፣ ባልደረባውም፣ አያቱም ይጾማሉ። መግቢያው ቅበላ አለው፣ መውጫው ፋሲካ አለው፤ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ይህ ሁሉ የተደራጀ ሥርዓት ነው፤ ለአንድ ሰው ጥርስ መንከስ የተተወ ነገር የለበትም። አባቶች ሰውን ስለሚያውቁት ብቻውን አልተዉትም።

ቸኮሌት ለመተው የቆረጠችው ሴት ግን ከዚህ አንዱም የላትም። ቢሮዋ ውስጥ የአንዱ ልደት ነው፤ ሱፐርማርኬቱ መክፈያው አጠገብ ደርድሮታል፤ ባለቤቷ ማታ ይዞ ይገባል፤ ማብቂያውም «ለዘላለም» ነው። ከጾም መማር ከፈለግን የምንማረው ይህንን ነው፤ ቤቱን ማሰናዳት፣ አብሮ የሚሆን ሰው ማግኘት፣ ምትክ ምግብ ማዘጋጀት፣ ቀኑንና ሰዓቱን መወሰን፣ የመብያ ጊዜም መኖሩን ማወቅ። ጸሐፊው ከጾም ወስደው ያመጡልን ግን ተግሣጹን ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጾም የሚከለክለው የእንስሳት ተዋጽኦን ነው፤ ስኳርን አይደለም። ወተት የሌለበት ጥቁር ቸኮሌት በንጥረ ነገሩ የጾም ነው፤ ኬክ ቤቶች የጾም ኬክ ይሠራሉ፤ ከሰዓት በኋላ የሚርበው ጾመኛ ሻዩን ይበልጥ ያጣፍጣል፣ ብስኩቱን ያስከትላል። ዓቢይ ጾምን በትጋት ጾመው ሲወጡ ክብደት የጨመሩ ሰዎች አሉ። ይህ በጾም የሚፈረድበት ጉድለት አይደለም፤ ጾም ለነፍስ እንጂ ለወገብ ልኬት አልተሠራም። አንድን ነገር መተው መቻል ሌላውንም ለመተው ዋስትና እንደማይሆን ግን በየዓመቱ ዓይናችን እያየ ነው። ሥጋ ትቶ ስኳር መተው ያቃተውን ሰው ፈቃደ ደካማ ማለት ግፍ ነው።

የቀረችው የወላጆች ምክር ናት። ቸኮሌትን ለልጆቻችሁ መርዝ ነው በሏቸው፣ ደብቁባቸው፣ ጎመናቸውን ሲጨርሱ ብቻ በሽልማት ስጧቸው ይላሉ ጸሐፊው። መርዝን ለጎበዝ ልጅ ሽልማት መስጠት ምን ዓይነት አስተዳደግ እንደሆነ ሊያብራሩልን ይገባ ነበር። ሊያን በርች የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሕፃናት ላይ ደጋግመው ያዩት ነገር አለ፤ በሽልማትነት የሚሰጥ ምግብ ይበልጥ ይወደዳል፣ ሽልማት ለማግኘት ሲባል የሚበላው ምግብ ደግሞ ይጠላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከጄኒፈር ፊሸር ጋር ባሳተሙትም ሥራ፣ ዓይናቸው እያየ የተከለከሉት ሕፃናት ስለዚያ ምግብ ይበልጥ ማውራትና መጠየቅ ጀምረዋል። በሽልማቱ ልጁ የሚማረው ጎመን ቅጣት፣ ቸኮሌት ድል መሆኑን ነው፤ ይህንን ትምህርት ይዞ አድጎ፣ በሠላሳ ዓመቱ ቢሮው ውስጥ አስቸጋሪ ስብሰባ ሲጨርስ ምን እንደሚፈልግ መገመት አያስቸግርም።

ቸኮሌት ቤት ውስጥ ባለበት ቀን አንዲት ቁራጭ ከምሳው ጋር በዚያው ሳህን ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ያለ ቅድመ ሁኔታ፣ ያለ ስብከት። ልጁ መጀመሪያ ቸኮሌቷን ቢያነሣ ያንሣት። አንዲት ናት፤ ሌላ አይጨመርም፤ እንጀራውና ጎመኑም እዚያው ፊቱ ናቸው፣ እርሱም ገና አልጠገበም።